ጎጀብ ማዶ ያመሰገንነው ሐኪም

አንድን ሰው ከልባችሁ አመስግናችሁ፣ በዚያው ምስጋና ጎድታችሁት ታውቃላችሁ? በሐሜት አላልኩም። በሐሜት ሰው የጎዳ ሞልቷል፤ ከመካከላችን ማን ንጹሕ አለ? እኔ የምጠይቀው ስለ ምስጋና ነው። ልብሳችሁን አስተካክላችሁ፣ ሰው ፊት ቆማችሁ፣ «ይህ ሰው እንዲህ ያለ ደግ ነው» ብላችሁ መስክራችሁ፣ ያ ቃል ዞሮ የሰውየውን በር ዘግቶበት ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ካጋጠማችሁ ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ብዙም አያስገርማችሁም።

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ክንዴን የያዘኝ እጅ ነው። ድንች ላይ አጎንብሼ ስመርጥ አንድ የደረቀ እጅ ከኋላ ጨበጠኝ። ዞር ስል አባ ዲጋ ናቸው። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥምጥማቸው ግን እንደ ጥንቱ ነጭ ነው። «አንተ በርሲሳ!» አሉኝ። በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «አፌን ዘግተህ ያን ሐኪም አስቀረህብን። ትንሽ ብትተወኝ ኖሮ!» ድንች ሻጯ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በተገናኘን ቁጥር ይህንኑ ይሉኛል። መልስ አለኝ፤ ግን አልመልስም። ለምን እንደማልመልስ ለማስረዳት ወደ ሰቃ መመለስ ይኖርብኛል።

ሰቃ ተመድቤ ስሄድ ጢሜ ገና በወጉ አልበቀለም ነበር። ዛሬ ሰው ቁርሱን ጅማ በልቶ ሻዩን ሰቃ ይጠጣል። ያን ጊዜ አይሱዙው እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከሞላ በኋላም «አንድ ሰው ብቻ!» እየተባለ ሌላ ቤተሰብ በሙሉ ሲጫን ማየት ነበረብን። የተከራየኋት ክፍል በወር ሠላሳ ብር ናት። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሱሪዬ ከሰልባጅ የተገዛ ካኪ፣ ጫማዬ ሸራ ነው። ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሰማያዊና ቀይ፣ አይጠፉም። የቀዩ ክዳን አንድ ቀን ወልቆ ሸሚዜን ስላበላሸው ከሩቅ ላየኝ ደረቱን የተወጋ ሰው እመስል ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ሸሚዝ ኮርቼ ነው የማስተምረው። ኅዳር ሲገባ ከተማዋ በሙሉ ከነገለባው በሚደርቅ ቡና፣ በጀንፈል፣ ትታወዳለች፤ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ ቦካ ያለ ሽታ ነው፤ ዛሬም አፍንጫዬን ሲመታው ጠመኔ የያዝኩ ይመስለኛል። ከድጃ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ነበራት። የቴፕዋ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄድና ይቆማል። ከድጃ ባትሪዎቹን አውጥታ ከጀንፈሉ ጎን ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ዘፋኙ ተሽሎት ይመለሳል።

መንግሥት ተለውጦ አዲስ ካርታ የመጣበት ዘመን ነው። ድሮ እኛም ከጎጀብ ማዶ ያሉትም አንድ ክፍለ ሀገር ነበርን፤ ዋና ከተማችንም ጅማ። በአዲሱ ካርታ ከወንዙ ወዲህ አንድ ክልል፣ ከወንዙ ወዲያ ሌላ ክልል ሆነ። ካርታውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጥንቃቄ ስስል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጎጀብ ወንዝ ነው ወይስ ድንበር?» አለችኝ። «ሁለቱም» አልኳት። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ዶክተር ነጂብ የሰፈሬ ልጅ ነው። ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ቤታችንና ቤታቸው አንድ አጥር ይጋራሉ። አባቴ ከሸዋ በዝውውር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የነጂብ አባት ልብስ ሰፊ። በፋሲካ ከእኛ ቤት ድፎ ዳቦ ይሄዳል፣ በኢድ ከእነሱ ቤት ሐላዋ ይመጣል፤ ሥጋውን ግን ሁሉም በየቤቱ ይበላል። ነጂብ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። ሐኪም ሆኖ ሲመረቅ ሰፈሩ በሙሉ ነው የተመረቀው። ለመንግሥት የሚገባውን ጊዜ አገልግሎ ሲጨርስ ሰቃ ላይ ከገበያው ዳር ሁለት ክፍል ቤት በኖራ አስቀብቶ ክሊኒክ ከፈተ። ሁልጊዜ ቡናማ ኮት ይለብሳል፤ ያማሃ ሞተር ነበረው፤ ቦርሳውን ከዝናብ ለመከላከል በላስቲክ ጠቅልሎ ከኋላው ያስራል። ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን አስተማርክ?» ብሎ ያስቆመኛል። እኔም በዝርዝር እነግረዋለሁ። ታጋሽ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚህ ቀሪው አይገባም። ሐኪም ሁለት ወረቀት ያስፈልገዋል። አንደኛው ዲግሪው ነው፤ «ይህ ሰው ያውቃል» ይላል። ሁለተኛው የሥራ ፈቃዱ ነው፤ «ይህ ሰው እዚህ ይሥራ» ይላል። ዲግሪው ለአገር ሁሉ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ክልሉ ነው፤ የሚያገለግለውም በክልሉ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጂብ የጎጀብን ድልድይ ወዲህኛውን ጫፍ ሲረግጥ ሐኪም ነው፤ ወዲያኛውን ጫፍ ሲረግጥ ቦርሳ የያዘ የሰቃ ነዋሪ ነው። በሁለቱም ወገን ሐኪም ለመሆን ሁለት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቀላል ይመስላል፤ አይደል? ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ነጂብን ወንዝ ያሻገረችው አስካለ ናት። የማዶ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ገብሬ የሚባል ዝምተኛ ገበሬ ነው። አምስተኛ ክፍል ናት ሲሉኝ ደነገጥኩ፤ ቁመቷ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር። በሽታዋ በጉሮሮ የሚጀምር ነው። ልጅ ጉሮሮዬን አመመኝ ይላል፤ ማርና ሎሚ ይሰጡታል፤ ይተወዋል። ቆይቶ ጉልበቱን ያመዋል፤ ያም ይተወዋል። በመጨረሻ ልቡ ላይ ይቀመጣል፤ ያ አይተውም። «ልቧ በሩ የማይገጥም ቤት ሆኗል» አለኝ ነጂብ። «እኔ በሩን መጠገን አልችልም። ግን በየወሩ የሚወጋ መርፌ አለ። እሱን ካላቋረጠች በሩ ከዚህ በላይ አይሰበርም።» አቶ ገብሬ መጀመሪያ በአይሱዙ እያሳፈረ ሰቃ ያመጣት ነበር። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እግሯ አብጦ ሳምንት ትተኛለች። በሰፈሯ ጤና ኬላ ቢኖርም ያን መርፌ ሐኪም በሌለበት አይወጉም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ድንገት ስለሚነሣ ይፈራል። «መርፌው የሰጣትን መንገዱ ይቀማታል» አለ ነጂብና ሞተሩን አስነሥቶ ራሱ መሄድ ጀመረ። ለእሷ በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃት ነበር። ግን ቅዳሜ የማዶው ገበያ ቀን ነው፤ ሰው አየ፣ ሰማ። ብዙም ሳይቆይ በየቅዳሜው የአቶ ገብሬ በረንዳ ላይ ሰልፍ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ አብሬው ሄጃለሁ። ከወጋት በኋላ መርፌው እንዳይነሣባት አጠገቧ ይቀመጣል፤ ሲቀመጡ እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። እሷ «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ እሱ «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ ከዚያ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። «አገር ስጠኝ!»

«ሰርቦን ሰጠሁሽ።»

«ሰርቦን ባለፈው ሰጥተኸኛል።»

«እንግዲያው ጅማን።»

«ከነገበያው?»

«ከነገበያው። ቲቸርንም ጨምሬልሻለሁ፣ የጅማ ልጅ ነው።»

ወደ እኔ ቀና ብላ ቀዩን ኪሴን አየችና «እሱ ይቅርብኝ፤ ቆስሏል» አለች። በረንዳው ላይ የነበረው ሕመምተኛ ሁሉ ሳቀ።

ስለ ፈቃዱ ለነጂብ መጀመሪያ የነገረው ማዶ ካለው የፈቃድ ቢሮ አንድ ሠራተኛ ነው፤ ያውም በደግነት። ገበያ ላይ ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ ሥራህን ሁሉም ይወደዋል። ወረቀት ያዝበት» አለው። ነጂብም ማመልከቻ አስገባ። ማዶ ያለው ቢሮ «ከመጣህበት ክልል መልቀቂያ አምጣ» አለው። ወዲህ ያለው ቢሮ «መልቀቂያ የሚሰጠው ለሚለቅ ነው፤ ትለቃለህ?» አለው። «አልለቅም።» «ታዲያ ምን ልስጥህ?» ተመልሶ ማዶ ሲሄድ «መልቀቂያ የለህም ማለት እዚያው ነህ ማለት ነው፤ እዚያ ያለ ሰው እዚህ እንዴት ይሠራል?» ተባለ። አንዴ ፎቶግራፉ ላይ ጆሮው አይታይም ተብሎ ተመለሰ። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል፣ አንዴ ጸሐፊዋ ወልዳለች። የበላይ ቢሮዎቹ ያሉባቸው ከተሞች ደግሞ አድረው የሚገቡባቸው ሩቅ አገሮች ናቸው፤ እሱ በሄደ ቁጥር ክሊኒኩ ይዘጋል። ፋይሉን ያደራጀሁለት እኔ ነኝ። በቀንና በዓይነት ከፋፍዬ፣ በየክፍሉ ባለ ቀለም ወረቀት ለጥፌ፣ ማውጫ ጽፌለት ነበር። ያየው ባለሥልጣን ሁሉ ያደንቀዋል። ፈቃዱ ለፋይል የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ድሮ አግኝቶ ነበር።

ይህን የሚሰሙት አባ ዲጋ ከከድጃ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባ ዲጋ በሰቃ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታርቀዋል፤ ሴት ልጁን ለትዳር የከለከለ አባት እሳቸው ፊት ጸንቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና ጠየቁኝ።

«በርሲሳ፣ ፈቃድ የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ባለቤቱን አስፈቅዶ መግባት አይደለም?»

«ነው፣ አባ።»

«ሰው ልጅ ሲፈልግ ወረቀት ይልካል?»

«አይልክም።»

«ሽማግሌ ነው የሚልክ። ይኸ ልጅ ባዶ ወረቀት እየላከ እንዴት ይሰሙታል? እኛ እንሄዳለን።»

ለሁላችንም ልክ መሰለን። እውነቴን ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ስላላሰበው ተገረምን። ነጂብ ሲሰማ «አባ፣ ይቅር፤ ይደክማሉ» ብሎ ነበር። ግን ሽማግሌ እሄድልሃለሁ ካለ «አትሂድ» ማለት ስድብ ነው። ስለዚህ ሄድን። አባ ዲጋ በነጩ ሽርጣቸው ላይ ልጃቸው የተሞሸረበትን ጥቁር ኮት ደርበዋል። አቶ ገብሬ ከማዶ ሽማግሌዎች ጋር ድልድዩ ጋ ጠበቀን። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ አባ ዲጋ አማርኛ ቢያውቁም ትልቅ ነገር የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው።

የቢሮውን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ኃላፊው ሸሚዙ ላይ የተተኮሰበት መስመር የሚታይ፣ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር አቀረበልን። አባ ዲጋ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው። ሽማግሌ ቆሞ እሱ መቀመጥ ስላልሆነለት ተነሣ። ጸሐፊዋም ተነሣች። ቢሮው በሙሉ ቆመ።

አባ ዲጋ ጀመሩ። «ልጄ፣ እናንተ ይህን ሐኪም አታውቁትም፤ እኛ እናውቀዋለን። እንዴት አወቃችሁ ካልከኝ፣ በዓይናችን። በየቅዳሜው እዚህ ይመጣል። ዝናብ አይል። ጎጀብ ሞልቶ ድልድዩን ሲልስ እንኳ ይመጣል። የዚህን የገብሬን ልጅ በየወሩ ይወጋል። የዚያን ሚስት ደም ሲፈሳት አቆመላት። የዚህን ጥርስ ነቀለ። ያልደረሰለት ማን አለ?»

እኔ ቃል በቃል አማርኛ አደረግኩት፤ እንዲያውም «በየቅዳሜው» ሲሉ «ያለማቋረጥ» የሚል ጨመርኩበት፣ ሐሳቡ እንዲሟላ። አንዱ የማዶ ሽማግሌ አላስችል ብሎት «እኔስ? እባጬን የበጣልኝ እሱ አይደለም ወይ!» አለና ሸሚዙን ከትከሻው ገፈፈው።

ኃላፊው ጠባሳውን አየ። «እዚህ ነው የበጣህ? እዚህ ከተማ ውስጥ?»

«እንዴታ! እዚያ የገብሬ በረንዳ ላይ!»

«መቼ?»

«የዛሬ ወር ቅዳሜ ነዋ! ሚስቴ ትመስክር!»

ኃላፊው እንደቆመ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰና መጻፍ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ መጻፉን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ የሚጻፍ ነገር የተከበረ ነገር ነው። አባ ዲጋ ድምፃቸውን ከፍ፣ ንግግራቸውን ዘርዘር አደረጉ። አንድ ሰው ብቻ ብዕሩን እያየ ፊቱ ተለወጠ፤ አቶ ገብሬ። «አባ…» አለ፤ ቀስ ብሎ፤ ለራሱ ያህል። ከዚያ አፉን ዘጋ። እኔ የገባኝ ከእሱም ዘግይቼ ነው፤ ሲገባኝ አባ ዲጋ ምርቃት ላይ ደርሰዋል። ወጉን ለማያውቅ ላስረዳ፦ ለልመና ቆሞ መናገር የጀመረ ሽማግሌ አይቋረጥም። ካቋረጡት ልመናው ይበላሻል፤ ያቋረጠውም ይረገማል ይባላል። ቢቋረጥስ ምን ይባላል? «አባ፣ አያመስግኑት» ይባላል?

«ሰምቻለሁ አባቴ» አለ ኃላፊው። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

በእኛ ዘንድ ተሰማ ማለት ተፈቀደ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ለስላሳ መጣልን፤ አባ ዲጋ ፋንታቸውን ጠጥተው ጨረሱ። ስንወጣ ኃላፊው እኔን በር ላይ አስቀረኝ። «መምህር፣ እናንተ ባትመጡ እኔ ምንም አላየሁም ነበር» አለኝ። «አሁን ሰማሁ። ጸሐፊዋም ሰማች። ፈቃድ ስጡት ብላችሁ መጥታችሁ፣ ያለ ፈቃድ ሲሠራ እንደኖረ ነገራችሁኝ። ይህን የሰማሁትን ምን ላድርገው?» እጁን ጨብጬ ወጣሁ። በመመለሻው መንገድ አይሱዙው ላይ ሽማግሌዎቹ እየተጫወቱ፣ አባ ዲጋም እየሳቁ ነበር።

ነጂብ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ እጁን እየታጠበ ጠበቀኝ።

«እህ፣ እንዴት ነበር?»

«አባ ዲጋ አመሰገኑህ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«ቅዳሜውንም አነሡት?»

«አነሡት።»

«እባጩንስ?»

«ሰውየው ሸሚዙን ገፎ አሳየ።»

ነጂብ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና «ጠባሳው እንዴት ነው? በደንብ ገጥሟል?» አለኝ።

«ገጥሟል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ቆየት ብሎ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ለአባ ዲጋ እንዳትነግራቸው። ሰው በዚህ ዕድሜው ምስጋናዬ ሰው አጠፋ ብሎ ይሙት? ወላሂ፣ ብትነግራቸው ይቅር አልልህም» አለ። ቃል ገባሁለት።

የኃላፊው ደብዳቤ ከማዶ ወደ ወዲህኛው ቢሮ ለመድረስ አልዘገየም፤ መልቀቂያው ያልሄደበት መንገድ ለእሱ ጥርጊያ ሆኖ ተገኘ። «ያለ ፈቃድ በሌላ ክልል በመሥራት» ተብሎ የነጂብ የራሱ ፈቃድ «እስኪጣራ ድረስ» ታገደ፤ ክሊኒኩም ታሸገ። ከድጃ ሻይ ቤት ቀልደኛ አይጠፋም፤ «እንግዲህ ድልድዩ መሃል ላይ ይከም፤ መሃሉ የማንም አይደለም» አለ አንዱ። ሌላው «መሃሉ የጎጀብ ነው፤ ጎጀብ ደግሞ ገና ማመልከቻ አልተቀበለም» አለው። ሳቅን። ያን ጊዜ ገና የምንስቅበት ነገር ነበረን።

አባ ዲጋ ይህን ሲሰሙ የወዲህኛው ቢሮ በማዶው ቀንቶ ነው አሉ። ስለዚህ ሽማግሌ ወደዚህኛውም ይላክ። እምቢ ማለት አልቻልንም። ቃሌን ጠብቄ፣ አደጋውንም ለማስቀረት፣ መንገድ ላይ ሆኜ እንደ ተማሪ አስጠናኋቸው። «አባ፣ እዚህ ያሉት ጊዜ የላቸውም። አጭር ይሁን። ቀን አይጥሩ። ቦታ አይጥሩ። ምን እንዳደረገም አይዘርዝሩ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ጥሩ ሰው መሆኑን።»

ገባን፤ ቆምን። አባ ዲጋ በረዥሙ ተነፈሱ። «ይህ ሐኪም ጥሩ ሰው ነው» አሉ። ኃላፊው ሌላ እንደሚከተል ጠበቀ። «እሺ አባ፣ ምን አደረገላችሁ?» አለ በአክብሮት። አባ ዲጋ ወደ እኔ ዞሩ። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩነቱ በምን ይታወቃል?»

እኒያ ደም ያደረቁ፣ አባቶችን ያንበረከኩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቅዳሜ ሊሉ እንደነበር አይቻለሁ፤ ዋጡት። «በ… በጥሩነቱ» አሉ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «አባ፣ ይህንንማ ስለ እኔም ይሉልኛል።»

ሳንቀመጥ ወጣን። እስከ ሰቃ አላናገሩኝም። ከመኪና ስንወርድ ግን ዞር ብለው «በርሲሳ፣ ምላሴን አስረህ ለልመና አቆምከኝ» አሉኝ።

አስካለ የመጀመሪያውን ወር ጅማ ሆስፒታል ተወስዳ ተወጋች፤ ተመልሳ ብዙ ቀን ተኛች። በሚቀጥለው ወር ክረምቱ ገብቶ አይሱዙው ሸቤ ዳገት ላይ ጭቃ ይዞት ዋለ፤ ከዚያው መለሷት። ከዚያ በኋላ አባቷ ሊያንቀሳቅሳት ፈራ። ነጂብ በተላላኪ መድኃኒት ይልክላት ነበር፤ መርፌውን ግን መላክ አይቻልም፤ የሚወጋው እጅ እዚያ የለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ አበባ ሲታይ፣ አረፈች።

አቶ ገብሬ ለመርዶ ራሱ መጣ። ነጂብ ከታሸገው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔም ቆሜአለሁ። «ዶክተር» አለ አቶ ገብሬ፣ «ያን ቀን ብዕሩን አይቼዋለሁ። ገብቶኝ ነበር። ግን የጀመረ ሽማግሌ…»

«አይቋረጥም» አለ ነጂብ።

«አይቋረጥም።» ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። «መጨረሻ ላይ የሰጠኻትን አገር ትጠራ ነበር። ሰርቦን፣ ሰቃን፣ ጅማን ከነገበያው፤ ከእኛ ወገን ያለውንም። ወዲህም ወዲያም የእኔ ነው ትል ነበር።»

ብዙ ቆይቶ «ጉዳዩ ተጣርቷል» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ፈቃዱም ተመለሰ። ነጂብ ማሸጊያውን ከበሩ ላይ ልጦ ጣለው፤ ቤቱን ግን ለባለቤቱ መልሶ ሰርቦ ሄደ። ከሚስቱ ወንድም ጋር ቡና ይነግዳል። አንዴ በዚያ ሳልፍ መጋዘኑ በር ላይ አየሁት። ከማዳበሪያው ጀንፈል ዘግኖ እፍኙን ጆሮው ላይ አድርጎ ያንቀጠቅጣል። ጀንፈል በደንብ መድረቁ የሚታወቀው ውስጡ ሲንኳኳ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያዳምጠው። አላስቸገርኩትም። ዛሬ ደንቡ ተለውጧል፣ ቀሏል ይሉኛል። ይሆናል። የማዶው በረንዳ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ የተቀመጠ ሐኪም አልሰማሁም።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ድንች ሻጯ ፊት አባ ዲጋ ክንዴን ይዘው «ማዶ ሁሉን ዘርዝሬ ተናገርኩ፤ ሰምቻለሁ ተባልኩ። እዚህ አንተ አፌን ዘጋኸው፤ ተባረርን። ዱጋ አይደለም?» ሲሉኝ፣ «ዱጋ ነው አባ፤ እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «ጥርስ መንቀሉንማ ለወዲህኞቹ ሳልናገር ቀረሁ» እያሉ ወደ ሕዝቡ ገቡ።

አስተማሪ ነኝና የቤት ሥራ ሳልሰጥ አልለያችሁም። ባዶ ወረቀት ውሰዱ። መልካም ያደረገላችሁን አንድ ሰው አስቡና አመስግኑት፤ ግን ቀን አትጥሩ፣ ቦታ አትጥሩ፣ ምን እንዳደረገላችሁም አትናገሩ። ከዚያ የጻፋችሁትን ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንድ የሚረባ ቃል ተርፎ ካገኛችሁ፣ አባ ዲጋ ሐሙስ ሐሙስ ከሂርማታ አይጠፉም፤ ሄዳችሁ አቀብሏቸው። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ እሞክራለሁ። እስቲ እናንተም ሞክሩት።